ጆን ቦይድ ደንሎፕ፦ መንኮራኩርን አየር ያለበሱት የእንስሳት ሐኪም

በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የራያ ቆላ ተመድቦ ያገለገለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሁሉ፣ ከመርፌውና ከመድኃኒት ሣጥኑ ቀጥሎ አብዝቶ የሚያስታውሰው የሥራ መሣሪያ ቢኖር ሞተር ብስክሌቱ ነው። ወደ ሮቢት፣ ወደ ጎብዬ ወይም ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ለክትባት ሲወጣ የበረዶ ሣጥኑን ከበስተኋላው አስሮ የሚጓዘው በዚሁ መሣሪያ ነው። መንገዱ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። ከአስፋልቱ ሲወርዱ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ቀጥሎ የማሽላ ማሳ ዳር ጥቁር አፈር፣ ከዚያም እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ጠርገው ያወረዱት አሸዋ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚችለው ከመሬቱ ጋር የተገናኘው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማውም ቢሆን ጭነቱን የሚሸከመው በላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ በታፈነው አየር ነው።

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ለሙያ ባልደረቦቻችን አርአያ ሊሆን የሚችል የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ሐሳቤ ወደ ታላላቆቹ የተሐዋስያን ተመራማሪዎች አልሄደም። የእነርሱ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። እኔ የመረጥኩት ስማቸው በየጎሚስታ ቤቱ የሚታወቀውን፣ ነገር ግን የእኛው የሙያ ባልደረባ መሆናቸውን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁላቸውን ጆን ቦይድ ደንሎፕን ነው። ደንሎፕ መሐንዲስ አልነበሩም፤ የፋብሪካ ባለቤትም ሆነው አልተነሡም። የዕድሜያቸውን ትልቁን ክፍል ያሳለፉት ፈረስና ከብት በማከም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ልደትና ሙያ

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በስኮትላንድ፣ ኤርሻየር በተባለው አውራጃ፣ ድረጎርን በምትባል መንደር በአንድ የእርሻ ቤት የካቲት ወር 1840 ተወለዱ። በእርሻ መንደር ያደገ ልጅ እንስሳን ማወቅ የሚጀምረው ከመጽሐፍ በፊት ነው፤ እርሳቸውም የመረጡት ትምህርት ከዚሁ አስተዳደግ ጋር የሚስማማ ሆነ። በ1823 ዊልያም ዲክ በኤደንብራ ከተማ ባቋቋሙት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው ሙያውን ተማሩ፤ ከዚያም በዚያው በስኮትላንድ ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሠሩ።

በ1867 ባሕሩን ተሻግረው ወደ አየርላንድ ሄዱ። በመጀመሪያ ዳውንፓትሪክ በተባለች ከተማ ከወንድማቸው ከጄምስ ጋር የእንስሳት ሕክምና ቤት ከፈቱ፤ በ1871ም ማርጋሬት ስቲቨንሰን የተባሉትን ወይዘሮ አገቡ። በኋላም ወደ ቤልፋስት ተዛውረው ሜይ በሚባለው ጎዳና ላይ ሥራቸውን አስፋፉ። በ1880ዎቹ አጋማሽ የእርሳቸው ሕክምና ቤት በአየርላንድ ምድር ካሉት ትላልቆች አንዱ ለመሆን በቃ።

በዚያ ዘመን የከተማ ሕይወት በሙሉ በፈረስ ጉልበት የቆመ ነበር። ሸቀጡን ከወደብ የሚያወጣው፣ ተሳፋሪውን የሚያመላልሰው፣ የድንጋይ ከሰሉን በየቤቱ የሚያደርሰው ፈረስ ነበር። ስለሆነም በቤልፋስት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚንኳኳ ብረት ለበስ መንኮራኩር ምን ያህል እንደሚያንገጫግጭና የጎታቹን ጉልበት እንደሚበላ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነበር። ደንሎፕ በሥራቸው ምክንያት ላስቲክ የመቁረጥና የማጣበቅ ልምድም ነበራቸው። ይህን ልምድ ለሌላ ጉዳይ እንዲያውሉት ያደረጋቸው ግን የገዛ ልጃቸው ነው።

በግቢው የተደረገው ሙከራ

ጆኒ የተባለው ትንሹ ልጃቸው ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። ልጁ በከተማይቱ ሸካራ መንገድ ላይ ሲነዳት ንዝረቱ ያስቸግረው፣ ከእኩዮቹም ጋር ለመሽቀዳደም ያዳግተው ነበር። አባትየው በጥቅምት ወር 1887 ከቀጭን የላስቲክ ቅጠል ቧንቧ ሠርተው፣ ወርዱ 96 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ እንጨት ዙሪያ ጠመጠሙት፤ በጨርቅ ሸፍነው ካሰሩትም በኋላ በአየር ነፉት።

ደንሎፕን ከተራ ፈልሳፊ የሚለያቸው ከዚህ ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው። የሠሩት መንኮራኩር ከቀድሞው ይሻላል ብለው ወዲያው አልደመደሙም። ከልጁ ብስክሌት አንዱን መንኮራኩር ፈትተው አመጡና አዲሱንና አሮጌውን በግቢያቸው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አንከባለሉ። አሮጌው ጥቂት ሄዶ ቆመ። አየር ያለበት ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። አንዱን በሽተኛ በአዲስ መድኃኒት፣ ሌላውን በአሮጌው አክሞ ውጤቱን የሚያነጻጽር ሐኪም እንደሚያደርገው፣ እርሳቸውም ልዩነቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነበር ወደሚቀጥለው ሥራ የተሸጋገሩት። የባለ ሦስት እግሯን የኋላ መንኮራኩሮች የአየር ጎማ አለበሱ፤ ቀጥሎም ለትልቅ ብስክሌት የሚሆን ጎማ ሠርተው በደቡብ ቤልፋስት በሚገኝ የስፖርት ሜዳ ፈተኑት። በታኅሣሥ ወር 1888 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው።

ውድድሩ፣ ኩባንያውና የቶምሰን መብት

አዲሱ ጎማ ወፍራም ስለ ነበር ሲያዩት ያስቅ ነበር። ሳቁን ያስቆመው ግንቦት 18 ቀን 1889 በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ የተደረገው የብስክሌት ውድድር ነው። የአንድ ብስክሌት ክበብ አለቃ የነበሩት ዊሊ ሂዩም በደንሎፕ ምክር የአየር ጎማ በተገጠመለት ብስክሌት ተወዳድረው አራቱንም ሩጫ አሸነፉ። ጥቂት ቆይተው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወሰዱ። ከተሸነፉት መካከል የአየርላንድ ብስክሌተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የሃርቪ ዱ ክሮ ልጆች ነበሩበት። አባትየውም ልጆቻቸውን የረታውን ነገር ከመጥላት ይልቅ ፈልገው አገኙት፤ ከደንሎፕም ጋር ተስማምተው የፈጠራ መብቱን የሚያለማ ኩባንያ በደብሊን አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው ገና ሥራውን ሳያደላድል አንድ ከባድ ዜና መጣ። የፈጠራ መብቱ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ መብቱ የማይጸና መሆኑ ለደንሎፕ በይፋ ተነገራቸው። ምክንያቱም ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የተባሉ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ አሳብ በ1845 በእንግሊዝ፣ በ1846 በፈረንሳይ፣ በ1847 ደግሞ በአሜሪካ አስመዝግበውት ስለ ነበር ነው። የቶምሰን ጎማ ለፈረስ ሠረገላ የታሰበ ነበር። ነገር ግን በዘመናቸው ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋና የላስቲክ ሥራም ስላልረቀቀ፣ አሳባቸው ፈላጊ አጥቶ ተረሳ። ደንሎፕም ስለ እርሳቸው ምንም ሳያውቁ አርባ ዓመት ያህል ዘግይተው ከዚያው ላይ ደረሱ።

እንግዲህ በትክክለኛው ፍርድ ከተሄደ የአየር ጎማ የመጀመሪያ አሳቢ ቶምሰን ናቸው፤ ደንሎፕ ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ያበቁት ሰው ናቸው። ለአንዱ የሚገባውን ለሌላው ሰጥቶ ማለፍ ለደንሎፕም ክብር አይጨምርላቸውም። ኩባንያው ከውድቀት የዳነው ሌሎች ሰዎች ባስገኟቸው ማሻሻያዎች ነው። በተለይም ጎማውን ከቸርኬው ላይ በቀላሉ ማውለቅና መልሶ መግጠም የሚያስችሉ ሁለት ዘዴዎች በ1890 ቻርልስ ዌልችና ዊልያም ባርትሌት በተባሉ ሰዎች ስም ተመዝግበው ስለ ነበር፣ ኩባንያው እነዚህን መብቶች ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ።

ደንሎፕ በ1895 ከኩባንያው ተሰናበቱ። በሚቀጥለው ዓመት ዱ ክሮ ድርጅቱን በሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ቴራ ሁሊ ለሚባል ነጋዴ ሸጡት፤ ነጋዴውም መልሶ በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ ሸጠው። ስሙን በዓለም ሁሉ ያስጠራው ሀብት በሚከማችበት ሰዓት ባለ ስሙ ከአዳራሹ ወጥተው ነበር።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር

የእኛ ሙያ ሰው የ1887ንና የ1888ን ዓመታት ሲሰማ ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ደንሎፕ በቤልፋስት መንኮራኩር በሚያንከባልሉበት ወቅት፣ የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ ወደብ ካስገባቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ በመላው አገር ተዛመተ፤ ከከብቱ ሀብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን እንደ ፈጀ ይገመታል። ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጥቶ ከ1888 እስከ 1892 የቆየውና ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ተከተለ። ወሎም ራያም የዚህ መከራ ተካፋይ ነበሩ። በሽታውን የሚያቆም ክትባት ገና አልተገኘም ነበር፤ በአገሩም የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም አልነበረም።

ይህ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ2011 በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውጇል። ድሉ የላቦራቶሪ ብቻ አልነበረም። ክትባቱን ከከተማ አውጥቶ ከብቱ ካለበት ማድረስ የግድ ነበር። ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው በአጎራባቹ የአፋር ምድር በእግር የተጓዙት የኅብረተሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች፣ በመኪናና በሞተር ብስክሌት የተንቀሳቀሱት ባልደረቦቻችን ሁሉ በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ በ1887 በአንድ የእንስሳት ሐኪም ግቢ የተሠራው ነገር፣ ዞሮ ዞሮ በዚያው ዓመት ከገባብን መቅሠፍት ጋር በተደረገው ትግል ከመሣሪያዎቻችን አንዱ ሆኗል።

ከብስክሌት ወደ ሞተር ብስክሌት

በ1885 ጎትሊብ ዳይምለር በጀርመን አገር የሠሩት የመጀመሪያው ባለ ሞተር ሁለት እግር ብረት በለበሰ የእንጨት መንኮራኩር የሚሄድ ነበር። በ1894 በሙኒክ ከተማ ለሽያጭ የቀረበው የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ሞተር ብስክሌት ግን በአየር ጎማ ነበር የሚሄደው። በ1895 የሚሽለን ወንድማማቾች የአየር ጎማ የተገጠመለት መኪና ከፓሪስ ወደ ቦርዶ በተደረገው የደርሶ መልስ እሽቅድምድም አሰልፈው፣ ለከባድ ተሽከርካሪም ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ። ፍጥነት ሲጨምር ፍጥነትን ማወቅ አስፈለገ። በ1902 ኦቶ ሹልዘ የተባሉ ጀርመናዊ ዛሬም በብዙ ሞተር ብስክሌት ላይ የምናየውን ዓይነት የፍጥነት መለኪያ አስመዘገቡ።

አሠራሩ ረቂቅ ግን ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው መንኮራኩር እምብርት የሚነሣ ገመድ ከመንኮራኩሩ ጋር እየዞረ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በዙሪያው ያለውን የአሉሚኒየም ቆብ ሳይነካ ሊያስከትለው ይሞክራል፤ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ደግሞ ቆቡን ወደ ኋላ ይይዘዋል። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ ኀይሎች በሚተካከሉበት ቦታ ላይ ነው። ከዚሁ ገመድ ጋር በጥርሶች የተያያዘው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ ዙሮቹን እየደመረ ርቀቱን ይመዘግባል።

ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። መርፌውም ሆነ ቆጣሪው የሚያውቁት መንኮራኩሩ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ብቻ ነው። በአንድ ዙር ምን ያህል መሬት እንደሚሸፈን አያዩም። ይህ ቁጥር ፋብሪካው መጀመሪያ በገጠመው ጎማ ልክ ተወስኖ በጥርሶቹ ውስጥ ተቀምጧል። ጎማው ሲለወጥ ጥርሶቹ አብረው አይለወጡም።

በጎማው ጎን ላይ 90/90-21 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይገልጻል። ሦስተኛው የቸርኬው ወርድ በኢንች ነው። ስለዚህ ከፍታው 81 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች ሲደመር 162 ነው፤ 21 ኢንች ደግሞ 533 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ወርድ 695 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያው ቸርኬ ላይ 80/90-21 ቢገጠም ግን ወርዱ 677 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ኪሎ ሜትር 458 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ሁለተኛው 470 ጊዜ ይዞራል። ቆጣሪው ይህን ጭማሪ ዙር እንደ ተጨማሪ መንገድ ይቆጥረዋል፤ መርፌውም እንደ ተጨማሪ ፍጥነት ያሳየዋል። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ከግማሽ በላይ ነው። ትልቅ ጎማ በተገጠመ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጂው ከሚያየው በላይ ይፈጥናል፤ ይህኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ነው።

በቆቦ ግቢ የተደረገው ሙከራ

ይህ ስሌት ከወረቀት አልፎ የሰው ስም የሚያድን መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በፊት በቆላው በምሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ረዳት ባልደረባችን የሚነዳው ሞተር ብስክሌት የፊት ጎማው አለቀ። ትክክለኛው ልክ በገበያ ስላልተገኘ በቸርኬው ላይ የሚገጥም ጠበብ ያለ ጎማ ተገዝቶ ተገጠመ። በጉዞ መዝገቡ ላይ ግን ስለ ለውጡ ማንም አልጻፈም። ከስምንት ወራት በኋላ ሒሳብ ሲመረመር፣ ረዳቱ በሥራ ትእዛዝ የተጓዘው 6,000 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ ቆጣሪው ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር ያህል አብልጦ ተገኘ። ተሽከርካሪውን ለግል ጉዳይ ተጠቅሞበታል ተብሎ ተጠረጠረ። የነዳጁን ዋጋ እንዲከፍልና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲሰጠው ታሰበ።

ወጣቱ ክፍያው ሳይሆን ጥርጣሬው ነበር ያሳዘነው። እኔም የደንሎፕን ታሪክ አንብቤ ስለ ነበር፣ እርሳቸው ያደረጉትን እናድርግ አልኩ። ያንኑ ዓይነት ሞተር ብስክሌት ትክክለኛው ጎማ ከተገጠመለት ጋር ወደ ክሊኒኩ ግቢ አመጣን። የሁለቱንም ጎማ በአንድ ልክ ነፋን፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ አንድ ሰው በላዩ ተቀምጦ እየተገፋ መንኮራኩሩ አሥር ጊዜ እስኪዞር ሄድንና ርቀቱን በሜትር ለካን። ትክክለኛው ጎማ 21 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ሸፈነ፤ ጠባቡ 20 ሜትር ከ95 ብቻ ሄደ። በዚህ ልክ 6,000 ኪሎ ሜትር ሲሰላ፣ ቆጣሪው ያለ አንዳች ጥፋት 157 ኪሎ ሜትር ያህል አብልጦ እንደሚያሳይ ታወቀ። የቀረው ልዩነት ለክርክር የሚበቃ አልነበረም። አለቆቹ ውጤቱን ተቀበሉ፤ ደብዳቤውም ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ ጎማ በተለወጠ ቁጥር የአሮጌውና የአዲሱ ልክ፣ ቀኑና የቆጣሪው ንባብ በጉዞ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ።

ስለ አየሩ ልክ

ብዙ ሰዎች የአየር ማነስም ቆጣሪውን ይህንኑ ያህል ያዛባዋል ብለው ያስባሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አየር የጎደለው ጎማ ከሥር ቢተኛም የዙሪያው ርዝመት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ በንባቡ ላይ የሚያስከትለው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የጎማው ጥርስ አምስት ሚሊ ሜትር ሲበላ የሚመጣው ስሕተት እንኳ ከዚህ ጥቂት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ትክክል ይመስላል ብሎ አየሩ ልክ ነው ማለት አይቻልም። የአየር ማነስ አደጋው በሌላ በኩል ነው።

ጎማ ጭነት የሚሸከመው የአየሩ ግፊት መሬት በነካው ስፋት ተባዝቶ ነው። 80 ኪሎ የተጫነበት መንኮራኩር በሁለት ባር ግፊት ወደ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ይነካል፤ ግፊቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚነካው ስፋት እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። የራያ ሰው ይህን ከግመል እግር ያውቀዋል። ሰፊው የግመል እግር በአሸዋ ላይ ሲንሳፈፍ ጠባቡ የአህያ ሰኮና ይሰምጣል። ስለዚህም የወንዝ አሸዋ ለመሻገር አየር መቀነስ ተገቢ ነው። ነገር ግን አሸዋውን እንዳለፉ ወዲያው መልሶ መንፋት ያስፈልጋል። አየሩ በጎደለ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎኑን እያጣጠፈ ያግለዋል። በድንጋይ ላይ ሲሆን ቸርኬው የውስጡን ጎማ ቆንጥጦ ይበሳዋል። ፍሬን በተያዘ ጊዜም ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የመንፊያውን አፍ ሊቆርጠው ይችላል። ከልክ በላይ የተነፋ ደግሞ መንገድ አይጨብጥም፤ ንዝረቱም የክትባት ጠርሙሶችን ያጋጫል፤ ይህ ማለት ደንሎፕ ሊያስወግዱት የደከሙለትን ነገር መልሶ መጥራት ነው።

ትክክለኛው ልክ በነጂው መጽሐፍ ወይም በሰንሰለት መሸፈኛው አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በኋላ ጭነት ሲኖር የኋላው ጎማ ተጨማሪ አየር እንደሚፈልግም በዚያው ይገለጻል። መለካት የሚገባው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከደሴ ደጋ ወደ ቆቦ ሲወርዱ የአካባቢው አየር ክብደት ስለሚጨምር መለኪያው አንድ አሥረኛ ባር ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ልክ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ስለሚጣፉ በጉዞ መካከል ጎማው ሞቆ ሳለ አየር ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ደንሎፕ ከኩባንያው ከወጡ በኋላ በደብሊን ተቀምጠው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ድርሻ ይዘው ኖሩ። የመኪና ጎማ በስማቸው መሠራት የጀመረው እርሳቸው ከተሰናበቱ በኋላ፣ በ1900 ነበር። ከፈጠራቸው ታላቅ ሀብት አላገኙም። ጥቅምት 23 ቀን 1921 በደብሊን በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ፤ በዚያውም ዲንስ ግሬንጅ በተባለው መካነ መቃብር ተቀበሩ። ስለ ጎማው ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞታቸው በኋላ ነው።

በሕይወታቸው ሁለት ነገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያ አሳቢነት ክብር በትክክል ለቶምሰን ተመልሷል፤ ገንዘቡንም ሌሎች ወስደውታል። ማንም ሊወስድባቸው ያልቻለው ግን በቤልፋስት ግቢ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አንከባለው ውጤቱን ያዩባት ያች ቀን ናት። እኛም የሙያ ወራሾቻቸው ከእርሳቸው ልንወስድ የሚገባን ይህንኑ ልማድ ነው። ነገ ማለዳ ወደ ዞብል ግርጌ የሚወጣ ባልደረባ የክትባቱን ሙቀት ከመመዝገቡ ጋር የጎማውን ልክና አየር ቢመዘግብ፣ የራሱን ሕይወትና የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ይጠብቃል፤ አንድ ቀንም የባልደረባውን ስም ሊያድን ይችላል።